ከዚሩ ሥር የተቀመጠው ድንጋይ

ሳጥኑ የመጣው ከሪያድ ነው። ሪያድ ስል የሳውዲው እንዳይመስላችሁ፤ የካርቱሙ ሪያድ፣ በየደጁ ዘበኛ የተቀመጠበት የሀብታም ሰፈር ነው። ባለቤቴ እዚያ አንዲት ባልቴት ቤት ትሠራ ነበር። ባልቴቷ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ትልቁን ቤት ክፍል በክፍል እየዘጉ፣ ከየክፍሉ የወጣውን ዕቃ ለእሷ ይሰጧታል። የሰፈሩ ደንብ ነው፤ ያረጀ ነገር አይጣልም፣ ለሠራተኛ ይሰጣል። ሠራተኛዋ ለባሏ ታመጣለች። ባሏ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ወስጄ እሸጠዋለሁ። ግማሹ የሪያድ ዕቃ በእኔ ጠረጴዛ በኩል አልፎ እኛ ወደምንኖርበት ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ገብቷል ብል ብዙም አላጋነንኩ።

ጠረጴዛዬ ከሚኒባሶቹ መቆሚያ አጠገብ ነበር። አሮጌ ራዲዮ፣ የእጅ ሰዓት፣ የእጅ ባትሪና በነጭ ጋዝ የሚበራ ማሾ እነግዳለሁ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ከወሎ መጥቼ ዐረብኛው ገና አፌ ውስጥ ሲንገዳገድ፣ ያበላኝ ማሾ ነው። መብራት እንደ ሩቅ ዘመድ አልፎ አልፎ ብቅ የሚልበት ጊዜ ነበርና ሰው ሁሉ ማሾ ይፈልጋል። ማሾ ያለው ደግሞ ጫፉ ላይ ታስራ ነጭ ብርሃን የምትሰጠውን የጨርቅ ከረጢት ይፈልጋል። ከረጢቷ አንዴ ከበራች በኋላ በጣት ከነኳት ትፈርሳለች። ለነጋዴ ከዚህ የተሻለ ዕቃ አልተፈጠረም።

የሳጥኑ ነገር ግን ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ሁለት ሺዎቹ ሊያልቁ ሲሉ የሆነ ነው። ያን ጊዜ ካርቱም በወርቅ ወሬ ታማ ነበር። ፀጉር አስተካካዩም፣ የሪክሻ ነጂውም፣ የባቄላ ሻጩም በረሃ ሄዶ ወርቅ ያገኘ የአጎት ልጅ ነበራቸው። የአጎትየውን ልጅ ራሱን ያየ ሰው ግን አልገጠመኝም። ድምፅ እያሰማ ወርቅ ያለበትን የሚያሳይ መሣሪያ አለ ይባላል፤ እሱንም ያየ አልገጠመኝም።

ሳጥኑን ስከፍተው ቢጫ ቀለም የተቀባ፣ እንደ ጡብ የሚከብድ፣ ከላይ መያዣ ያለው ብረት ወጣ። ፊቱ ላይ መርፌ አለች፤ ከጎኑ በጥቁር ገመድ የተያያዘ አጭር ቱቦ አለ። ሆዱን ከፍቼ የባትሪ ድንጋይ ጨመርኩበትና ቁልፉን አዞርኩ።

ጠቅ አለ። ቆየ። ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ደግሞ ዝም። ሰዓት እንዳልለው ሰዓት እንዲህ አይሰክርም።

ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት አሮጌ ሰዓቶች ወደ አንዱ ቱቦውን ሳስጠጋው መርፌዋ ዘለለች፤ ጠቅታውም እርስ በርሱ ተደራረበ። ሰዓቱ ምን ነበር? ወርቅ ቅብ! ቁጥሮቹ በጨለማ የሚያበሩ አሮጌ ሞዴል። ቀና ብዬ ጎረቤት ነጋዴዎችን አየሁና መሣሪያውን በጆንያ ሸፈንኩት። የዚያን ቀን ጠረጴዛዬን በጊዜ ዘጋሁ።

ቤት ገብቼ ባለቤቴ ፊቷን ስትታጠብ ያስቀመጠችውን የሠርጓን ጉትቻ ፈተንኩ። ምንም። ጠቅ... ጠቅ... እንደ ባዶ ቦታ። ደሜ ፈላ። ያን ጉትቻ ጥርት ያለ ወርቅ ነው ብሎ የሸጠልኝን አንጥረኛ በልቤ ረገምኩት። ለእሷ ግን ምን ብዬ ልንገራት? እስካሁን ወርቅ እንዳሰርኩላት ነው የምታምነው። ጉትቻውን ወደ ቦታው መለስኩ። ባየኋት ቁጥር ጆሮዋን እንጂ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

«ጆሮዬ ላይ ምን አለ?» አለችኝ።

«ምንም። ያምርብሻል።»

«ዛሬ ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?»

ጎረቤታችን ሽማግሌ ሱዳናዊ ሾፌር ናቸው። ቦክሲ የሚሉት ዓይነት አሮጌ ፒክአፕ አላቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ሐጁ ነው የሚላቸው። መሣሪያውን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አወለቁ፤ እሳቸው በቅርብ የሚያዩት መነጽር ሲያወልቁ ነው።

«ይህን አውቀዋለሁ» አሉ። «በጎልማሳነቴ ለኸዋጃዎች፣ ለፈረንጆች፣ ውሃ አመላልስ ነበር። በረሃ ውስጥ ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር። ይህንኑ በእጃቸው ይዘው፣ ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ ይውላሉ።»

«ምን ሊያወጡ ነው የሚቆፍሩት?»

«ማዕድን።»

«ምን ማዕድን ያ ሐጅ?»

«ያ ሐበሺ! ፈረንጅ ለብረት ብሎ እዚያ ፀሐይ ውስጥ የሚገባ ይመስልሃል?»

«ታዲያ ለምን ጥለውት ሄዱ?»

«ውላቸው አለቀ። ውል ያልቃል፤ ወርቅ ግን አያልቅም።»

ነገሩ አሳመነኝ። እኔን ለማሳመን ያን ጊዜ ብዙም አያስፈልግም ነበር።

በማለዳ ተነስተን ኦምዱርማንን አልፈን ወጣን። አስፋልቱ አልቆ አሸዋው ሲጀምር ሐጁ በትዝታ መንዳት ጀመሩ። «ይህ ኮረብታ ድሮ በስተቀኝ ነበር» አሉ አንዴ። ኮረብታ ቦታ እንደማይቀይር ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት፤ መሪው በእሳቸው እጅ ነው።

የደረስንበት ቦታ ገበያ ፈርሶ የተበተነበት ይመስላል። ጣሪያቸው የተገፈፈ ቤቶች ተደርድረዋል። ዝገት የበላው የብረት ማማ በጎኑ ተጋድሟል። መግቢያው ላይ አንድ ሰሌዳ ቆሟል፤ ጽሑፉን ፀሐይ ልሳው የቀረው ቆርቆሮው ብቻ ነው።

«ምን ይል ነበር?» አልኳቸው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ይሆናል።»

አንደኛው ቤት ውስጥ ረጃጅም የእንጨት ሳጥኖች ተደርድረው፣ በውስጣቸው እንደ ሻማ ክብ ሆነው የተቆረጡ ድንጋዮች ተኝተዋል። ድንጋይን እንዲህ አሳምሮ ቆርጦ ሳጥን ውስጥ የሚያስተኛ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? አንዱን አነሳሁና ወደ ቱቦው አስጠጋሁት። ትንሽ ጠቅ ጠቅ። ሌላውን፤ የባሰ። ሦስተኛው ምንም። ደላላ ዕቃ እንደሚያጠራ ሳጥን በሳጥን ሳጠራ ሐጁ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ያላ! ይህ ናሙናው ነው። ዕቃው ጉድጓዱ ውስጥ ነው።»

ከኮረብታው ሥር ወደ ውስጥ የተቆፈረ ዋሻ አለ፤ አፉ በግማሽ አሸዋ ተሞልቷል። ከፊት ለፊቱ ጥልቅ ቦይ ተዘርግቷል። ቦዩ ዳር ስደርስ ጠቅታው ተደጋገመ፤ ወደ ውስጥ ስወርድ ፈጠነ። ዋሻው አፍ ላይ ጎንበስ ብዬ ቱቦውን ወደ ጨለማው ስዘረጋው በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሆነ፤ አንዱን ጠቅታ ከሌላው መለየት አቃተኝ። መርፌዋ መጨረሻው ላይ ሄዳ ተጣበቀች።

«ሱብሐነላህ!» አሉ ሐጁ ከኋላዬ።

እኔ ደስ ሊለኝ ሲገባ ፀጉሬ ቆመ። በንግድ ሕይወቴ እንዲህ የሚጮህ ዕቃ አጋጥሞኝ አያውቅም። ጥሩ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ዝምተኛ ነው።

ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በስንጥቁ ውስጥ ግን ቢጫ ነገር አለ። ቢጫ! ሐጁ በጥፍራቸው ፍቀው በምላሳቸው ቀመሱት።

«ምን ምን ይላል?» አልኳቸው።

«አፈር።»

«ወርቅስ ምን ምን ይላል?»

ምላሳቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። እኔም በጣቴ ነካሁት፤ ዱቄት ሆኖ ጣቴ ላይ ቀረ። ወርቅ እጅ ላይ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ ቀርቶም አያውቅም። ግን መርፌዋስ? ከወደቁት ድንጋዮች ሁሉ አጥብቆ የሚጮኸውን አንዱን መርጠን፣ ሰፊና ጠፍጣፋ ነበር፣ በጆንያ ጠቅልለን ተመለስን።

የሄድኩት ያንኑ ጉትቻ የሸጠልኝ አንጥረኛ ዘንድ ነው፤ በአንድ ጉዞ ሁለት ጉዳይ ልጨርስ ብዬ። ድንጋዩን ፈገፈገ፣ አሲድ አንጠባጠበበት፣ ትከሻውን ነቀነቀ። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይህ ድንጋይ ነው። ብትፈጨው አፈር ይወጣዋል።» ስለ ጉትቻው ጠየቅሁት። ተቆጥቶ ከመደርደሪያው ተመሳሳዩን አወጣና እፊቴ ፈተነው፤ ጥርት ያለ ወርቅ። ድንጋዩን ተሸክሜ ወደ ቤት ስመለስ ምን እንደማምን ጠፋኝ። ቅቡ ሰዓት ይጮኻል፣ ንጹሑ ወርቅ ዝም ይላል፣ አፈር የሆነው ድንጋይ ደግሞ ጎረቤት እስኪሰማ ይለፈልፋል። መሣሪያው ሰክሯል ብዬ ሳጥኑ ውስጥ መልሼ ቆለፍኩት።

ድንጋዩን ባለቤቴ ወደደችው።

ደጃችን ላይ ዚር ነበረን፤ ዚር የሚሉት ትልቅ የሸክላ የውሃ ጋን ነው፤ በብረት እግር ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ሁሉ ይጠጣበታል። ባለቤቴ ያቆመችው በሰደቃ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለት ጊዜ ጠፍቶባት፣ ውሃ ያጠጣ ሰው ዱዓው ይሰማል ስላሏት። ከዚር ቂጥ ደግሞ ውሃ እየተጣራ ጠብ ጠብ ይላል፤ ሱዳኖች ያንን ጠብታ ከሁሉ የጠራ ውሃ ነው ይሉታል፤ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳሕን አድርገው ይሰበስቡና ለታመመ ሰውና ልጅ ለምትመኝ ሴት ይሰጣሉ። የእኛ ሳሕን መሬቱ ዝቅ ስላለ እየተንጋደደ ያስቸግራት ነበር። ጠፍጣፋው ድንጋይ ልክ ገባ። ሳሕኑን እላዩ አኖረችው። ሳሕኑ ሲሞላ ጠብታው ድንጋዩ ላይ ይረጫል፤ እሷ ማለዳ ማለዳ ከሳሕኑ ትጠጣለች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አረገዘች። ሰደቃው ሠራ አለች። እኔም አሜን አልኩ።

ሆዷ መታየት ሲጀምር ባልቴቷ ሥራ አቅልለውላት፣ የመጨረሻውን ክፍል ዕቃ እንድወስድ እኔን ጠሩኝ። ሻይ ሰጡኝ። ጨዋታ ለማምጣት ብዬ ስለ ቢጫው መሣሪያ ጠየቅኳቸው።

«እሱ የማዕድን መሐንዲሱ ነው፣ የባለቤቴ» አሉ፤ ሟቹን ሁልጊዜ በሥራቸው ነው የሚጠሯቸው። «ዩራኒየም የሚፈልግበት ነበር።»

«ወርቅ አይደለም?»

«የምን ወርቅ ልጄ! የቦምቡ ነገር ነው እንጂ። ጨረር አለው። ቀስ እያለ ሰውነት ውስጥ ይገባል፣ እርጉዝ ሴት ሲሆን ደግሞ ይከፋል ይል ነበር።»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

«መሐንዲሱ በምን ሞቱ?»

«በስኳር።»

«ከድንጋዩ ነው?»

«ከሻይ ነው። ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ነበር ስኳር የሚጨምረው።»

«ድንጋዩንስ ቤት ያስገቡ ነበር?»

«መስኮቱ ላይ ይደረድረው ነበር። ልጆቼን ሁሉ እዚሁ ነው ያሳደግኳቸው፤ አላህ ይመስገን ደህና ናቸው።» ትንሽ አሰቡና፣ «የመጀመሪያው ሳይወለድ ጠፍቶብኛል። እሱ ግን ከድንጋዩ በፊት ይሁን በኋላ ረሳሁት» አሉ።

ሴትየዋ ደህና ነገር ነገሩኝ ወይስ ክፉ? በሚኒባሱ ውስጥ ከድልድዩ እስከ ሐጅ ዩሱፍ አስቤ መልሱን አላገኘሁትም። ዕቃውን እንኳ እዚያው ረስቼው ነው የወጣሁት፤ ለእኔ ይህ ከወባ ይብሳል።

ባለቤቴ ጎረቤት ሄዳለች። ድንጋዩን አውጥቼ ከግቢው ጥግ አርቄ ጣልኩና ሳጥኑን ከፈትኩ። ሳሕኑን ለካሁ፤ ጠቅ... ጠቅ... ዝም። ውሃውን ለካሁ፤ እንደዚያው። ትንፋሼ ሊመለስ ሲል አልጋው ሥር ያስቀመጥኩት የማሾ ከረጢት ካርቶን አጠገብ ቱቦው አለፈ፤ ዝናቡ ጀመረ። ከረጢቶቹ! በዘጠናዎቹ ያበሉኝ፣ በጣቴ ስፈተፍታቸው የኖርኩ! ለግማሽ ካርቱም የሸጥኳቸው! የእጅ ሰዓቴን ስለካው ጮኸ። ባዶ ግድግዳ ለካሁ፤ ጠቅ አለ። ሰማይ ላይ ቀሰርኩት፤ ጠቅ አለ። ምንም በሌለበት ለምን ጠቅ ይላል? ስንት ጠቅታ ነው ጤና፣ ስንት ነው በሽታ? የሚነግረኝ የለም።

ቀና ስል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች። በእንብርክኬ ነበርኩ።

«ምን ጠፋብህ?»

ነገርኳት። መደበቅ ፈልጌ ነበር፤ ግን ፊቴ ቀድሞ ተናገረ። ግድግዳውን ተደግፋ እስክጨርስ አዳመጠችኝ፤ እጇ ሆዷ ላይ ነበር።

«ከዚያ ድንጋይ ላይ ነው ስጠጣ የኖርኩት?»

«ውሃው ደህና ነው። ለክቼዋለሁ።»

«ደህና መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ጠቅ የሚለው ትንሽ ነው።»

«ጉትቻዬም ላይ ትንሽ ነው ብለህ ነው ያን ሰሞን ሙሉ በጆሮዬ ስትጨነቅ የከረምከው?» ለካ አውቃለች። «ና፣ እኔን ለካኝ።»

ቱቦውን ሆዷ አጠገብ ያዝኩ። ጠቅ። ቆየ። ጠቅ፣ ጠቅ።

«ምን አለ?»

«እንደ ግድግዳው ነው።»

«ልጄ ግድግዳ ነው?» አለችና ሳቀች፤ ወዲያው አለቀሰች። «ስማ። ድንጋዩን ከመጣበት መልስ። ማሾውንም፣ ከረጢቱንም፣ ሰዓቱንም ከቤቴ አውጣ። ይሄኛው ከጠፋብኝ ሌላ አቅም የለኝም፤ ወላሂ የለኝም።»

ሐኪም ጋ ሄድን። ወጣት ነው፣ ጎበዝ ነው ይባላል። ታሪኩን በጥሞና ሰማ፣ ሆዷን አዳመጠ፣ ኢንሻአላህ ኸይር ነው አለ። ስንወጣ እኔን ብቻ ወደ ጎን ሳብ አደረገኝና መሣሪያው በእርግጥ ወርቅ አያሳይም ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ድንጋዩን እኔና ሐጁ መለስነው። የምሸጥለት ሰው አጥቼ ዕቃ ወደ መጣበት ስመልስ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጣሪያ ከሌላቸው ቤቶች በአንዱ ጥላ ውስጥ ዘላኖች ሰፍረው አገኘን፤ ሰውየው፣ ሚስቱና ልጆቻቸው፤ ፍየሎቹ ከቦዩ ዳር ግራር ይቀነጥባሉ። ልጆቹ ክብ ድንጋዮቹን ደርድረው ይጫወታሉ። ቱቦዬን ሳወጣ ከበቡኝ።

«ይህ ቦታ ጥሩ አይደለም» አልኩት አባትየውን። «ድንጋዩ ሰው ያሳምማል።»

«አባቴም እዚህ ነበር የሚሰፍረው» አለ። «ጥላ አለው።»

«አባትህ በሕይወት አለ?»

«የለም። ግመል ረግጦት ሞተ።»

ልጆቹን አየኋቸው። ጥርሳቸው ከእኔ ይሻላል። አንዷ ዓይኗ ተጨናብሷል፤ ግን ዓይነ ሕመም በእኛም ሰፈር ሞልቷል። ድንጋዩን ዋሻው ውስጥ ወረወርኩና ቱቦውን ዘረጋሁ። ዝናቡ ያው ነው፤ አልጨመረም አልቀነሰም። ሐጁ የቀመሱት ቢጫ ትዝ አላቸው መሰል መንገዱን ሙሉ ምላሳቸውን በመስተዋቱ ሲያዩ ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ማለዳ ማለዳ ከሱቅ በፊት ቤቱን እለካለሁ። ባለቤቴ ትቆጣለች፤ ደግሞ፣ «ዛሬስ ምን አለ?» ትላለች። ትላንትን ይመስላል እላታለሁ። እውነት ይሁን ውሸት እኔም አላውቅም፤ ጠቅታው ቀን በቀን አይመሳሰልም።

ምጧ የመጣው በምሽት ጸሎት አዛን ላይ፣ መብራት እንደጠፋ ነው። ዳያ የሚሏት አዋላጅ፣ ወፍራምና ቁጡ ሴት፣ እጅጌዋን ሰብስባ ገባች። ክፍሉ ጨልሟል። ሻማ ሰጠኋት።

«ሻማ ለልደት በዓል ነው! ማሾ ነጋዴ አይደለህ እንዴ? ማሾህ የታለ?»

ማሾ በቤታችን የለም። ሸጬዋለሁ፤ ምክንያቱን ለዳያዋ ለመንገር ጊዜው አልነበረም። የእጅ ባትሪ ነበረኝ፤ ድንጋዩ አልቆ ብርሃኑ እንደ ሲጋራ ጫፍ ቀልቷል። ባለቤቴ ጥርሷን ነክሳ ከአልጋው ላይ ጮኸችብኝ።

«ከዚያ ነገርህ አውጣ!»

«ከየትኛው?»

«ከመርፌው! ድንጋዩን አውጣና ባትሪው ውስጥ ክተት!»

ሳጥኑን በዳበሳ ከፍቼ የመሣሪያውን ሆድ ፈለቀቅኩ። ድንጋዮቹን ወደ እጅ ባትሪው ሳዛውር አንዱን በግልባጭ አስገባሁ፣ እንደገና አወጣሁ። በራ። ነጭና ቀጥ ያለ ብርሃን። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ እጄን ብቻ ወደ ኋላ ዘርግቼ ያዝኩላቸው፤ ዳያዋ «ወደዚህ! ወደዚህ አልኩህ!» እያለች ክንዴን ታዞረዋለች።

ከዚያ ጩኸት ሰማሁ። ቀጭን፣ የተቆጣ።

«ሴት ናት» አለች ዳያዋ። «ና እያት።»

ጨርቅ ላይ አስተኝታታለች። ብርሃኑን አስጠጋሁ። ከራሷ ጀመርኩ፤ ጆሮዋን፣ ጣቶቿን፣ ውስጥ እግሯን አየሁ። ገልብጬ ጀርባዋን ላየው እጄን ሰደድኩ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም። ያ ድንጋይ ነክቶ ከሆነ በምን ይታወቃል? ቀለም አለው? ምልክት አለው? እንደገና ከራሷ ጀመርኩ።

«ያ ዞል» አለች ዳያዋ፣ «ልትገዛት ነው እንዴ? ልጅህ ናት፤ ውሰዳት!»

ባለቤቴ ከትራሱ ላይ ራሷን አነሳች። «ምን አለ?» አለችኝ በደከመ ድምፅ፤ በየማለዳው እንደምትጠይቀኝ።

መሣሪያው ሆዱ ተከፍቶ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ልጅቷን ታቀፍኳት፤ ከማሾ አትከብድም። አንዴ ታለቅሳለች፣ ትቆያለች፣ ደግሞ ሁለት ጊዜ አከታትላ ታለቅሳለች።

«ትጮኻለች» አልኳት።

«አምጣት» አለችኝ። «ብርሃኑን ደግሞ ከዓይኗ ላይ አንሳ።»